ዘምዘም የጠጣው የጉጉት ላባ

ጩኸት ሲሰማ ጥፋተኛ ለመፈለግ የሚቀድመን የለም። እኔም ጅዳ፣ ጃሚዓ ሰፈር ያለው ቤታችን አናት ላይ አይሮፕላን ባለፈ ቁጥር ሞተሩን ስረግም ኖሬአለሁ። ለካስ ያለ ኃጢአቱ ስሙን እያጠፋሁት ነበር። አይሮፕላን ለማረፍ ሲቃረብ ሞተሩ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ያኔ ከእሱ ባልተናነሰ የሚጮኸው አየሩን እየሰነጠቀ የሚመጣው ክንፉ ነው። ሲወርድ የሚጮኸው ሹም ብቻ ይመስላችሁ ነበር?

ይህን ያስተማረችኝ የእህቴ ልጅ ዘይነብ ናት። መካ፣ ሩሰይፋ ሰፈር ተወልዳ ያደገች፣ እኔ ዘንድ ተቀምጣ ምህንድስና የምትማር፣ የክንፍን ጩኸት ካልቀነስኩ ብላ የተነሳች ልጅ። ጉጉት ስትበር ድምፅ የላትም፤ የላባዋ ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ የተሰነጣጠቀ፣ ላዩም እንደ ከፋይ የለሰለሰ ነው። ዘይነብ ከወፍ ነጋዴ የረገፉ የጉጉት ላባዎች ለምና በጫማ ካርቶን አስቀመጠች። በማግስቱ ዩኒቨርሲቲዋ ክንፍ በንፋስ በሚፈትሽበት ክፍል ተራዋ ነበር። ያ ተራ ካመለጣት እስከሚቀጥለው ዓመት ሌላ አታገኝም።

ላባዎቹን ባመጣችበት ቀን እናቷ፣ ታላቅ እህቴ እትዬ ከድጃ፣ ከመካ ልትጠይቀን መጣች። የወሎ ሰው ነን፤ እኛ ዘንድ ጉጉት ጣራ ላይ ከጮኸች ሰው ይሞታል ይባላል። እትዬ ካርቶኑን ከፈተች።

«አዑዙ ቢላህ! ዘይኑ፣ ሟርት ቤት አስገባሽ?»

«ኡሚ፣ ወላሂ ላባ ብቻ ነው! ለነገው ሙከራ ነው።»

እትዬ ጉጉቷን ትፈራለች፣ የልጇን ትምህርት ግን ትወዳለች። ስለዚህ አስታራቂ መላ ዘየደች። ዘይነብ የዐስር ሶላት ስትሰግድ፣ ሟርቱ እንዲለቃቸው ላባዎቹን ከመካ ባመጣችው የተባረከ የዘምዘም ውሃ አጠበቻቸው። አጥባም ጨመቀቻቸው!

ዘይነብ ጠርዛቸው ተጣብቆ ስታያቸው «ኻላስ፣ አለቀልኝ» ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። እትዬም «እኔ እኮ እንዲቀናሽ ብዬ...» ስትል እንባዋ ቀደማት።

ልጅቱ ግን እጅ የምትሰጥ አይደለችም። የፀጉር ማድረቂያ አምጥታ አንዱን ላባ አደረቀችና ማራገቢያው ፊት ያዘችው። ጸጥ አለ። እርጥቡን ያዘችው። ፉጨት ሆነ።

«አየሽ ኡሚ፣ ልዩነቱ ይሄው ነው።»

እትዬ ጆሮዋን አስጠግታ ሰማች። ከዚያ ማድረቂያውን ከልጇ እጅ ተቀበለችና ሟርት ያለቻቸውን ላባዎች፣ ታጥቦ የወጣ ሕፃን እንደምታደርቅ ቀስ ብላ አንድ በአንድ አደረቀቻቸው።

በማግስቱ ዘይነብ እየሳቀች ተመለሰች። ላባዎቹን የለጠፈችበት ትንሽ ክንፍ ድምፁ ቀንሷል።

«ዘምዘሙ ነዋ!» አለች እትዬ።

ዘይነብ ሳይንሱን ልታስረዳ አፏን ስትከፍት በዓይኔ ተይ አልኳት። ነገሩ ከተሳካ በኋላ ከእናት ጋር ምን ያከራክራል?

አሁን እትዬ ከድጃ ሩሰይፋን ቤት ለቤት እየዞረች የጉጉት ላባ ያየ ሰው ታፈላልጋለች። ጎረቤቶቿ ጉጉት መፍራት ትተዋል። የሚፈሩት እሷን ነው።