ለልደት የተከልኩት የእድር ድንኳን

ዛሬ የደረሰብኝን ስነግራችሁ የምቀልድ ይመስላችኋል። ቀልድ እንደማልወድ ግን ታውቃላችሁ!

መጀመሪያ ሰዎቹን ልንገራችሁ። እኔ፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአናጢነት የምኖር፣ ራሴን በራሴ ያስተማርኩ፣ በዚህ ገጽ ስለ ልጅ አስተዳደግ የምመክራችሁ ሰው። ባለቤቴ ስንዱ። ልጄ በረከት፣ ጥያቄ የማያልቅበት የስምንት ዓመት ልጅ። እህቱ ማኅሌት፣ ዛሬ አምስት የሞላት። ደብረ ኤልያስ የምትኖረው ታላቅ እህቴ እታለም። ጎረቤታችን እማማ ጥሩዬ። ከዚያ ደግሞ እድራችን በሙሉ!

ልደት ማክበር አልወድም። ልጅ በምግባር እንጂ በኬክ አያድግም፤ ስንቴ ጻፍኩላችሁ! ማኅሌት ግን የጓደኞቿን ልደት አይታ በመጣች ቁጥር «የእኔስ መቼ ነው?» ስትል ከረመች። የቀሩትን ቀናት በጣቷ ስትቆጥር አይቼ ተሸነፍኩ።

እሺ አልኩ። አንድ ጊዜ ብቻ።

ያ ሁሉ ሕፃን ቤታችን አይበቃውም። ደመናውም አያስተማምንም። የእድሩ ንብረት ያዥ ደግሞ እኔ ነኝ። ስለዚህ ገና በጠዋቱ ከበረከት ጋር የእድሩን ድንኳን ደጃፋችን ላይ ተከልን፤ አግዳሚ ወንበሮቹንም ደረደርን።

እንዴት እንዳማረ! ቆሜ አደነቅኩት።

ስህተቴን አያችሁት አይደል? እኔ አላየሁትም!

ስንዱ ማኅሌትን ሹሩባ ልታሠራት ሁለቱንም ልጆች ይዛ ሄደች። እኔ ቤቱን ቆልፌ ኬክ ላመጣ ወጣሁ። ኬክ ቤቱ መብራት ጠፍቶበት ኖሮ እስኪጨርሱልኝ ረፈደ። የስልኬም ባትሪ አለቀ።

በባጃጅ ስመለስ ድንኳኑ ሞልቷል።

በሕፃናት ግን አይደለም። ወንዶቹ አንገታቸውን ደፍተዋል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል። እማማ ጥሩዬ በትልቅ ሳፋ ንፍሮ ይዘው መጥተዋል። እታለም መሐል ቆማ ደረቷን ትመታለች!

ማን ሞተብኝ?

መቼም እኛ ዘንድ ለቅሶ ቤት እየገቡ «የሞተው ማን ነው?» ማለት ነውር ነው። መጀመሪያ ይለቀሳል፤ ስሙ ኋላ ይደረስበታል። እኔም ባህሌን አከበርኩ! ስንዱና ልጆቹ የሄዱበት ባጃጅ ተገልብጦ ታየኝና ኬኩን እንደያዝኩ በደረቴ ተደፋሁ።

«ወይኔ ልጆቼ! ወይኔ ስንዱዬ!»

ይኼኔ ለቅሶው ቀለጠ። ለካ እነሱም ማን እንደሞተ አያውቁም! ቤቱ ተቆልፎ ድንኳን ተተክሎ ሲያዩ «ሬሳ ሊያመጡ ሆስፒታል ሄደዋል» ብለው ነው የተቀመጡት። ስሙን የሰሙት ከእኔ አፍ ነው።

እታለም ኮሌታዬን ያዘችኝ። «ሁሉም ናቸው? አንድም አልተረፈልህ?»

«እኔ ምን አውቄ! ስታለቅሺ ያገኘሁሽ አንቺ!»

«እኔማ እወንድምሽ ደጅ ድንኳን ተተከለ ብለው ደውለውልኝ ነው!»

ድንኳን… ማሰብ ልጀምር ስል ከመንገዱ ላይ ሌላ ጩኸት መጣ።

«ባሌን! ባሌን!»

ስንዱ ናት! ለቅሶውን ከሩቅ ሰምታ፣ ስልኬም ዝግ ሆኖባት የሞትኩት እኔ መስያታለሁ። ሮጬ ሄጄ «አለሁ፣ አለሁ!» እያልኩ ያዝኳት።

ገፍትራ ጣለችኝ። «ዞር በል አንተ ሰውዬ፣ ባሌ ሞቶብኛል!»

ከኋላዋ ማኅሌት ሹሩባዋን ተሠርታ፣ በአዲስ ቀሚሷ ቆማለች።

«ዛሬ እኮ ልደቴ ነው። ለምን ታለቅሳላችሁ?»



ያ ሁሉ ሰው ዞሮ እኔን አየ። ፊቴ ክሬም ነው!

እውነቱን ተናገርኩ። ምን ምርጫ አለኝ?

እታለም ሁለቱን ልጆች ጉያዋ ከትታ አልለቅም አለች። «ማንኛቸው ይሆን?» እያለች መንገዱን እንደጨረሰችው ስትነግረኝ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። ከዚያ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠርጋ «ደንቆሮ! ይህን ሁሉ መጽሐፍ አንብበህ ድንኳን ምን እንደሆነ ጠፋህ?» አለችኝ።

ማኅሌት ግን «ልደቴ ተበላሸ» ብላ ማልቀስ ጀመረች። የተጋበዙት ሕፃናትም መጥተው ዳር ቆመዋል። ለቀስተኛው ሊበተን ተነሣ።

«ወዴት? ወዴት?» አሉ እማማ ጥሩዬ። «በሕፃን ደጅ እንባ አፍስሶ ውልቅ ማለት ደግ አይደለም። ነጠላችሁን አስተካክሉ!»

ነጠላው ተስተካከለ። እልል ተባለ። ሽማግሌዎቹ ቆመው መረቋት። ዘፈኑን የሚያውቁት ሕፃናቱ ብቻ ስለሆኑ እነሱ መሩ፣ እድሩ በጭብጨባ ተቀበለ። የተጨፈለቀው ኬክ በማንኪያ ተዳረሰ፤ ሆድ የሞላው ግን ንፍሮው ነው። ማኅሌት በእድሩ ዳኛ ትከሻ ላይ ተቀምጣ ስትስቅ አየኋት።

ዳኛው እሷን እንደተሸከሙ ወደ እኔ ዞሩ። «ድንኳን ያለ ሐዘን ከወጣ ቅጣት አለው። ደንቡን ጮክ ብለህ የምታነብልን አንተ ነህ።»

እዚያው በድንኳኑ ውስጥ፣ በአንድ ድምፅ ተቀጣሁ!

እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ከዚህ በኋላ ስለ ልጅ አስተዳደግ ብጽፍ የሚያነበኝ አለ?

በረከት ንፍሮውን እየቃመ «አባዬ፣ በእኔ ልደትስ የሚሞተው ማን ነው?» አለኝ።

ማንም አይሞትም አልኩት። ሒሳቡን ግን አብረን ደመርን፤ ቅጣቱ አንድ ሺህ፣ ኬኩ ሁለት ሺህ፣ እታለም የመጣችበት ኮንትራት መኪና ሦስት ሺህ አምስት መቶ፣ የእማማ ጥሩዬ ስንዴና ባቄላ አምስት መቶ።

ሰባት ሺህ ብር!