ስለ ወይዘሮ ኦዴላ የመኪና ኮፈንና እዚያ ውስጥ ስለተገኘው ካርቶን

በአሜሪካ አላባማ የቲብስ ክሪክ ከተማ የፓይ ውድድር ኮሚቴ ሰኞ ነሐሴ 4 ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ በእሳት አደጋ ጣቢያው ጋራዥ ውስጥ አስቸኳይ ስብሰባ ተቀመጠ። የእሳት አደጋ መኪናው ለስብሰባው ሲባል ፀሐይ ላይ ወጥቷል።

የተገኙ፦ ሰብሳቢው የከብት መኖ ነጋዴ አቶ ሃርላን ቱምስ፤ ጠበቃ ሌላንድ ፒክንስ፤ ዘንድሮም ሁለተኛ የወጡት ወ/ሮ ቬርና ስታኪ፤ ድምፅ የመስጠት መብት የሌላት ጸሐፊ ግሌንዳ ሆብስ።
የተጠሩ፦ ወ/ሮ ኦዴላ ፕሩዊት፤ የቬርና ባል ምክትል ሸሪፍ ሮይስ ስታኪ፤ የፖሊስ ውሻቸው ቢስኪት።

ለምልአተ ጉባኤ አንድ ሰው ቢጎድልም ሰብሳቢው ቢስኪትን ቆጥረው "ሞልቷል" አሉ።

አጀንዳ 1፦ ስለ ማስቆሙ። ቅዳሜ ወ/ሮ ኦዴላ በኮክ ፓይ፣ ማለትም ኮክ ተሞልቶ በሚጋገር ኬክ፣ ለአሥራ አንደኛ ጊዜ አንደኛ ወጥተው፣ የአንደኛነቱን ሰማያዊ ሪባን ይዘው ወደ ቤታቸው ሲነዱ ምክትል ሸሪፉ አስቁመዋቸዋል። የኋላ ኮፈኑ ሲከፈት አራት ባዶ የሱቅ ፓይ ካርቶኖች ተገኙ፤ ያሸነፉበት ፓይ ከሱቅ የተገዛ ነው ተብሎ ሪባኑም ወዲያው ተነጠቀ። ለምን እንዳስቆሙ ሲጠየቁ፣ "ፍጥነቷን ጠብቃ፣ ሁለት እጇን መሪ ላይ አድርጋ ነበር የምትነዳው። እዚህ ከተማ እንደዚያ የሚነዳ የሚደብቀው ነገር ያለው ሰው ነው" አሉ። ኮፈኑን የከፈቱት ቢስኪት ስለጮኸ ነው። ጠበቃው ቢስኪት ጡረታ መውጣቱን አስመዘገቡ።

ቀጥለውም ያለ በቂ ምክንያት እንዲቆም ከተደረገ መኪና የተገኘ ማስረጃ እንዲጣል፣ ኮሚቴውም ካርቶን እንዳላየ እንዲቆጠር ጠየቁ።

ሰብሳቢው "እንዴ ሌላንድ! ያየሁበትን ዓይን ላውጣው?" አሉ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ማስረጃው እንዲጸና ሁለት ለአንድ ተወሰነ። ወ/ሮ ቬርና እጃቸውን ያወጡት ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ ነው።

አጀንዳ 2፦ ስለ ውሻው ችሎታ። ምክትል ሸሪፉ የቢስኪት አፍንጫ እንደማይሳሳት በተግባር ለማሳየት ለቀቁት። ቢስኪት በቀጥታ ሄዶ የሰብሳቢው ቦርሳ ላይ ጮኸ። ጠበቃው ይከፈት አሉ። ሰብሳቢው የሰው ቦርሳ የሰው ክብር እንደሆነና አያቶቻቸው ለዚህ እንደሞቱ በስሜት ሲያስረዱ ውሻው ራሱ ከፈተው። ቅዳሜ ለኤግዚቢትነት ተቀምጦ የጠፋው የወ/ሮ ኦዴላ ፓይ ግማሹ እዚያ ውስጥ ተገኘ።

አጀንዳ 1 እንደገና ተከፈተ። ያለ በቂ ምክንያት ከተከፈተ ኮፈን፣ ቦርሳና ኪስ የተገኘ ሁሉ እንዲጣል በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ሰብሳቢው ሁለቱንም እጃቸውን አወጡ።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ። ወ/ሮ ኦዴላ ተነሥተው፣ "ካርቶኖቹ እኮ ፓዮቼ መንገድ ላይ እንዳይጨፈለቁ የያዝኩባቸው ናቸው። ከቅዳሜ ጀምሮ አንድ ሰው እንኳ አልጠየቀኝም" አሉ። ሰብሳቢው ካርቶኑ ስለተጣለ፣ ስለሌለ ካርቶን ማስረዳት ከአጀንዳ ውጪ ነው አሉ።

"ወሬውስ ተጥሏል? ትናንት ቤተ ክርስቲያን ከጎኔ የተቀመጠ ሰው የለም! ሪባኑን ውሰዱት፤ ስሜን መልሱልኝ።"

ሰብሳቢው ያልተከሰሰ ሰው ነፃ ሊባል እንደማይችል አብራሩ። ወ/ሮ ኦዴላ አለቀሱ። ጸሐፊዋ እዚህ ላይ ብዕሯን አስቀምጣ ነበር፤ አፍራ።

ወ/ሮ ቬርና ተነሡ። ባላቸው "ቬርና፣ ተቀመጪ" ቢሏቸው፣ "አንተ ዝም በል! ዛሬ ራትህን ራስህ ትሠራለህ" አሉ። ከዚያም፣ "የሱቅ አይደለም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በጓዳዋ መስኮት እየገባሁ ቀምሼዋለሁ፤ እንደሷ ልሠራ ብዬ። አቃተኝ" ብለው ተናገሩ።

ሰብሳቢው ምስክርነቱ ያለ ቤቱ ባለቤት ፈቃድ በመስኮት የተገኘ ስለሆነ እንዲጣል አዘዙ።

በመጨረሻም ጠበቃው ስብሰባው ራሱ የዚያ ማስቆም ውጤት ስለሆነ አብሮ መጣል አለበት ብለው አመለከቱ። በሁለት ድምፅና በአንድ ጩኸት የዛሬው ውሳኔ ሁሉ ተሽሯል፤ ስብሰባውም አልተካሄደም። ሪባኑ ተነጥቆ ስለማያውቅ የሚመለስ ነገር የለም ተብሎ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

ያልተካሄደው ስብሰባ በ10 ሰዓት ከሩብ ተበተነ። ወ/ሮ ቬርና ድምፅ አልሰጡም፤ ሪባኑን ከጠረጴዛው አንሥተው፣ ወ/ሮ ኦዴላን ክንዳቸውን ይዘው ወጥተው ነበር። በሩ ላይ "እሑድ ከጎንሽ እኔ ነኝ የምቀመጠው" ሲሉ ተሰምተዋል። ይህን ቃል ጸሐፊዋ አልጥልም ብላለች።