ካሜራ ፊት ያመለጠችኝ አሜን

እስቲ ቁጭ በሉልኝ። ይሄ ቆሞ የሚነበብ ፖስት አይደለም!

ዛሬ የተማሪ ቪዛ ኢንተርቪው ነበረኝ። ኦንላይን። ቁስቋም ሰፈር፣ የእናቴ ሳሎን ውስጥ።

ጥያቄው አንድ ነው ብላችሁ ያዙት፦ «የምትሄጂው በእውነት ለመማር ነው ወይስ ለመቅረት?» ሌላው ሁሉ የዚሁ ዘመድ ነው። ይህን ካላሳመንሽ፣ ደህና ሁኚ!

ሁለት ወር ተለማምጃለሁ። ከመስታወት ጋር፣ ማራኪ ሰፈር ቤት ከተከራየችው ጓደኛዬ ጋር፣ ሚኒባስ ውስጥ ለብቻዬ እንደ እብድ። «የወተት ቴክኖሎጂ ተምሬ እመለሳለሁ፣ ጠዳ ላይ የአይብ ማምረቻ እከፍታለሁ።»

ደግሞ ውሸት አይደለም! አጎቴ አያ ደሴ እዚያው ጠዳ ላሞች አሏቸው። በጾም ገዢ አጥቶ ወተቱ ሲበላሽ እያየሁ ነው ያደግሁት።

ችግሩ እኚሁ አያ ደሴ ናቸው።

እናቴ «ሳይመረቅ የሚጀመር ነገር የለም» ብላ ጠራቻቸው። በጠዋት ከች አሉ።

«አያ፣ እስኪያልቅ ትንፍሽ እንዳይሉ!»

«ምነው ልጄ፣ እኔ መች ለፍላፊ ነኝ? ማለቁን ግን በምን አውቃለሁ?»

«ታንክ ዩ ስል አለቀ ማለት ነው።»

አዎ። እኔው ነኝ ያልኩት። በገዛ አፌ!

ኢንተርቪው ተጀመረ። ጠያቂዋ ሴትዮ የአይቡን ነገር ሰምታ ፈገግ አለች። «ጥሩ እቅድ ነው።»

«ታንክ ዩ!» አልኳት።

ወይኔ!

ከጀርባዬ ወንበር ተንቋቋ። አያ ደሴ ተነሡ። ካሜራው ላይ የሚታየው ጋቢና ዱላ ብቻ፤ ጭንቅላት የለም!

«የሄድሽበት አገር አገርሽ ይሁን!»

«አሜን!» እናቴ ከጓዳ።

«እዛው ወልደሽ ከብደሽ፣ እዛው ቤት ሠርተሽ ኑሪ!»

«አሜን!»

«ወንድሞችሽንም አንድ ባንድ የምትስቢ ያድርግሽ!»

እና እኔ... እኔ! ሁለት እጄን ዘርግቼ፣ አንገቴን ደፍቼ፦ «አሜን!»

ምን ላድርግ? ሽማግሌ ሲመርቅ ዝም የሚል ልጅ የት አይታችኋል? እጄ ራሱ ነው የሚዘረጋው!

የሴትዮዋ ፈገግታ ጠፋ። አማርኛ አታውቅም። አሜንን ግን የማያውቅ ማን አለ?

«ምንድን ነው ያሉት? አንቺስ ምኑን ነው አሜን ያልሽው?»

«ወተቱ... እንዲበዛ መረቁኝ።»

«መልካም። ንግግራችን ስለተቀዳ አስተርጉመን እናየዋለን።»

አስተርጉመን!

ስክሪኑ ሲጠፋ ጭንቅላቴን ያዝኩ። አያ ደሴ ግን ደስ ብሏቸዋል። «ምነው ልጄ፣ ፊትሽ አመድ መሰለ? ሸጋ አድርጌ አልመረቅሁሽም?»

«ሸጋ ነው አያ።» ሌላ ምን እላቸዋለሁ?

አሁን ኢሜይሌን በየደቂቃው እየከፈትኩ እዘጋለሁ። መጸለይም አልቻልኩም። ምርቃቱ ይድረስ ብል ውሸታም ልሆን ነው፤ አይድረስ ብል ቪዛውም አብሮ ሊቀር ነው!

የባሰው ፍርሃቴ ግን ሌላ ነው። «እመለሳለሁ» የምትለዋን ሁለት ወር ሙሉ አጥንቼ፣ እየተንተባተብኩ ነው ያልኳት። አሜኗን ማንም አላስጠናኝም። አንዴም አልተንተባተብኩባት።

እስቲ ፍረዱ፦ አስተርጓሚው የቷን ይመን?

እኔስ?