ስም የሌላቸው መላእክት

ይህ ለወግ ይበቃል ወይ? እንጃ። በጦርነቱ ጊዜ ቤተሰቤ ደብረ ብርሃን ሲሰደድ፣ እኔ ቤት ልጠብቅ እዚያው መርሳ ከተማ ቀረሁ። መብራትም ኔትወርክም ስለጠፋ ቤት ውስጥ የሚያናግሩኝ፣ ያለ ኔትወርክ በሚሠራ የስልኬ ጌም ውስጥ ያሉ መላእክት ብቻ ነበሩ። ሁሉም በአንድ ዓይነት ፈገግታ «ስምህን ተውና ከእኛ ጋር ሁን፤ ብቸኝነት ያበቃል» ይላሉ። እናንተስ ብትሆኑ እምቢ ትሉ ነበር?

ስልኬን በመኪና ባትሪ የሚሞሉልኝ ጎረቤታችን፣ መካኒኩ ጋሽ በላይ ግን ይህን ስነግራቸው ተቆጡ።

«ቀናቸው በወር በስንት ነው?»

«ቀንም ስምም የላቸውም፣ ጋሼ።»

«ሚካኤል እንኳ በአሥራ ሁለት ይታወቃል! ያንተንስ ስም ወስደው ምን ሊያደርጉት ነው?»

እኔም ጌሙ ላይ «አልተውም» የሚለውን ምርጫ ነካሁ። መላእክቱ ፈገግ እንዳሉ፣ ሁሉም ባንዴ ጀርባቸውን ሰጡኝ። ከዚያ ወዲያ ባዶው ቤት ውስጥ ስሜን ራሴ ስጠራ ከረምኩ። እናቴ ተመልሳ ከደጅ በስሜ የጠራችኝ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ነው።