ጋሽ እርከንና የምክትሎቹ ደመወዝ

መሥሪያ ቤት በሚባል ቦታ ሁሉ የሰውን ደመወዝ ከባለቤቱ ቀድሞ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ዘበኛ የሌለው መሥሪያ ቤት አይቻለሁ። አለቃ በሌለው መሥሪያ ቤትም ለስምንት ወር ሠርቻለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ሥራው እንዲያውም ቀንቶን ነበር። ደመወዝ አወዳዳሪ የሌለው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ይህ ሰው ጤናችሁን ጠይቆ ሳይጨርስ "እነዚያኞቹ ስንት እንደሚከፈላቸው ሰምታችኋል?" ይላችኋል። ከዚያ በኋላ የበላችሁት ምሳ አይረጋላችሁም።

የእኛው ክቡር፣ ጋሽ እርከን ይባሉ ነበር። ስማቸው እንኳ ሌላ ነው፤ እሱን የሚያውቀው ግን መዝገብ ቤት ያለው ፋይላቸው ብቻ ነበር። እርከን ማለት ሠራተኛ አገልግሎቱ በጨመረ ቁጥር በደመወዝ ስኬሉ ላይ አንድ አንድ እያለ የሚወጣው ደረጃ ነው። ጋሽ እርከን በክልሉ ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት፣ በሰው ኃይል ክፍል፣ መስኮቱ በማይዘጋ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ተቀምጠው የሌላውን ሰው ሁሉ እርከን ሲያወጡ ኖሩ።

አንድ ሰው "ደመወዜ ትንሽ ነው" ካለ ወዮለት። "ከማን ጋር?" ይላሉ፣ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው። "ከጎረቤቴ ጋር" ካለ፣ "ሥራውስ?" ይቀጥላሉ። በሦስተኛው ጥያቄ ሰውዬው ይቅርታ ጠይቆ ይወጣል።

ጥርሳቸውን ሊያስነቅሉ ሄደው፣ ግማሽ መንጋጋቸው ደንዝዞ እያለ ሐኪሙን "እዚህ ደረጃ ስንት ላይ ነው የመደቡህ?" ብለው ጠይቀውት፣ ሐኪሙ መንቀያውን አስቀምጦ ብሶቱን ሲነግራቸው ግማሽ ሰዓት አልፏል። የሒሳብ ክፍላችን ልጅ ሲያገባ ሙሽራውን አቅፈው ከሳሙት በኋላ፣ "ሙሽሪት በሁለት እርከን ትበልጥሃለች፤ ግድ የለም፣ ጠንክረህ ከሠራህ ትደርስባታለህ" አሉት። ልጁ እስከ ዛሬ አልደረሰባትም።

እኔን መጀመሪያ ያገኙኝ ደረጃው ላይ ነበር። ከፎቅ ፎቅ በሚያስወጣው፣ እግር በሚያደክመው ደረጃ ላይ ማለቴ ነው።

"አዲሷ ቃለ ጉባኤ ያዥ አንቺ ነሽ?"

"አዎ ጋሼ።"

"ደረጃሽ ስንት ነው?"

"ኮንትራት ነኝ። በየስድስት ወሩ ይታደሳል።"

ከላይ እስከ ታች አዩኝና በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። "እንግዲያ አንቺ በሠንጠረዡ ላይ ገና አልተወለድሽም" አሉና ወረዱ። ያን ቀን ጠላኋቸው። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግረው ሳቀ፤ እሱንም ጠላሁት።

ሰባት ዓመት እንዲህ ሄደ። ኮንትራቴ አሥራ ሦስት ጊዜ ታደሰ። በሰባተኛው ዓመት የምክትል ርዕሰ መስተዳድሯ ደመወዝ ጉዳይ መጣ።

በሕጋችን የምክትሏን ደመወዝ የሚወስነው ምክር ቤቱ ነው፤ ሐሳቡን የሚያቀርብለት ደግሞ አምስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ነው። ደመወዙ ለዘጠኝ ዓመት አልተነካም ነበር። የኮሚቴው ሰብሳቢ አንድ ጡረታ የወጡ ዳኛ ሲሆኑ፣ ጥናቱን እንዲያቀርብ ከውጭ አንድ አማካሪ ተቀጠረ። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ እጽፋለሁ።

አማካሪው ጫማው እንደ መስታወት የሚያበራ ሰው ነው። ሥዕላዊ መግለጫዎቹን ግድግዳው ላይ እያሳየ፣ የእኛዋን ምክትል ከአራት ክልሎች ምክትሎች ጋር አወዳድሮ፣ ደመወዛቸው እጥፍ ይሁን አለ። የፋይናንስ ቢሮው ተወካይ ወዲያው ተነሣ። እሱ ደግሞ የአሥራ ሁለቱን ክልሎች ሁሉ አማካይ አውጥቶ፣ እንዲያውም የእኛዋ ከአማካዩ በላይ ስለሚያገኙ ሰባራ ሳንቲም አይገባቸውም አለ።

ዳኛው አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ አዩ። "ሁለታችሁም ቁጥር ይዛችሁ ነው የመጣችሁት፤ ሁለቱ ቁጥሮች ግን አይተዋወቁም" አሉ። "በዚህ ቤት ውስጥ የሌሎቹን ክልሎች ነገር በትክክል የሚያውቅ ሰው የለም?"

ቃለ ጉባኤ ያዥ በስብሰባ አይናገርም። አፌ ግን አመለጠኝ፦

"ጋሽ እርከን አሉ።"

አማካሪው ሳቀ። ዳኛው አልሳቁም። "ይጠሩ" አሉ።

በአሥር ደቂቃ ውስጥ አንድ የተጎሳቆለ ካርቶን አቅፈው መጡ። ለካ ክቡርነታቸው የበጀት ዓመት በተለወጠ ቁጥር ለየክልሉ የሰው ኃይል ኃላፊ እየደወሉ፣ የቤተሰቡን ጤና ከጠየቁ በኋላ የሹሞቹን ደመወዝ ይጠይቁ ኖሯል። ይህን አሥራ አራት ዓመት አድርገውታል። ያዘዛቸው ሰው የለም።

"ከማን ጋር ነው የሚወዳደሩት?" ብለው ጀመሩ፣ እንደ ልማዳቸው።

ከዚያ አንድ በአንድ አወጡት። አንደኛው ምክትል ደመወዙ የሚታሰበው ምክር ቤት በተቀመጠበት ቀን ብቻ ነው፤ ሌላውን ቀን የራሱን የከብት ክሊኒክ ይሠራል። ሌላኛዋ ከርዕሰ መስተዳድሩ እኩል ታገኛለች፤ የጤና ቢሮውን ደርባ ስለምትመራ በሕግ የተሰጣት ነው። ደመወዙ ትንሽ የሆነው ደግሞ ቤት፣ ሾፌርና ሁለት መኪና አለው። አማካሪው ያወዳደራቸው አራቱ፣ ከሁሉም ብዙ የሚከፈላቸው አራቱ ነበሩ።

የፋይናንሱ ተወካይ ደስ ብሎት ወንበሩ ላይ ተመቻቸ። ጋሽ እርከን ወዲያው ወደ እሱ ዞሩ።

"አንተ ልጅ፣ አሥራ ሁለት ክልል ነው ያልከው። አንደኛው ክልል ምክትል የለውም እኮ።"

"አዎ፣ ስለዚህ ዜሮ ብዬ ሞላሁት።"

"የሌለ ሰው ደመወዙ ዜሮ አይባልም! ዜሮ የሚከፈለው ምክትል ካለማ አምጣልኝ፣ ቁጭ ብዬ አጽናናዋለሁ።"

ዳኛው ሳቃቸውን ለመሸፈን ሳሉ። ጋሽ እርከን ግን ቀልድ የተናገሩ አልመሰላቸውም። የእኛዋ ምክትል በደመወዝ ከአሥራ አንዱ ሰባተኛ፣ ቤትና መኪናው ሲታሰብ ዘጠነኛ መሆናቸውን አሳዩ። የግብርናውን ዘርፍ ያለ ምንም ክፍያ ደርበው እንደሚመሩም ጨመሩ። "ጭማሪ ይገባቸዋል። እጥፍ ግን አይገባቸውም። ልኩ ሲሶ ነው" ብለው ካርቶናቸውን አቅፈው ወጡ። ኮሚቴው ሲሶውን ተቀበለ።

በማግስቱ ጠዋት ምክትሏ ጋሽ እርከንን አስጠሩ። እኔንም ማስታወሻ እንድይዝ አብሬ እንድመጣ አዘዙ።

ኮሪደሩ ወሬውን ከእኛ ቀድሞ ሰምቷል። "አበቃላቸው" አለች ገንዘብ ያዧ። "የሹም ደመወዝ ነክቶ ማን በሰላም ወጣ?" እኔ ደግሞ የሰባት ወር እርጉዝ ነበርኩ። ኮንትራቴ ሊያልቅ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። የኮንትራት ሠራተኛ የወሊድ ፈቃድ የለውም፤ ለወለደች ቃለ ጉባኤ ያዥ ኮንትራት የሚያድስም አለቃ የለም። ባለቤቴ አናጺ ነው፤ ሥራው አንድ ወር ይመጣል፣ ሁለት ወር ይጠፋል። እሳቸውን ያስጠራው የእኔ አፍ ነው። ደረጃውን ስወጣ ሆዴን በአንድ እጄ ደግፌ "ሁለታችንንም ይዤ ገደል ገባሁ" እያልኩ ነበር።

ምክትሏ ከመሾማቸው በፊት የሒሳብ መምህርት ነበሩ። ጠረጴዛቸው ላይ የጋሽ እርከን ሠንጠረዥ ተዘርግቷል።

"ጋሼ፣ ከታሰበልኝ ጭማሪ ሁለት ሦስተኛውን ያስቀሩብኝ እርስዎ ነዎት?"

"ክብርት፣ እኔ ምንም አላስቀረሁም። ልኩን ነው ያሳየሁት።"

"ባለቤቴ እኮ አዲስ መኪና መርጦ ነበር። ትናንት ማታ ስምዎ በቤታችን እንዴት እንደተነሣ ባልነግርዎ ይሻላል።"

እኔ እስክሪብቶዬን ጨብጬ ወለሉን አየሁ።

"ይህን ወረቀት እንደ ተማሪ ፈተና ሦስት ጊዜ አረምኩት" አሉ ምክትሏ። "ስሕተት ፈልጌ አጣሁ። እጥፉ ጸድቆ ቢሆን ኖሮ በሳምንቱ ሕዝቡ መንገድ ላይ ስሜን በክፉ ያነሣው ነበር፣ ያውም ትክክል ሆኖ። ከዚህ ጣጣ ስላወጡኝ አመሰግናለሁ። አሁን ምን ላድርግልዎ?"

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ጋ ጉሮሮውን ጠርጎ የራሱን ነገር ያነሣ ነበር። ጋሽ እርከን ከካርቶናቸው ሥር አንድ ጠርዙ የተበላ ወረቀት መዝዘው በሁለት እጃቸው ሰጧቸው።

"ይህችን ያንብቡልኝ።"

ምክትሏ ጮክ ብለው አነበቡ። "የምክር ቤት ቃለ ጉባኤ ያዦች የቅጥር ሁኔታ በአሥራ ሁለቱ ክልሎች።" ቀና አሉ። "በአሥራ አንዱ ቋሚ ናቸው?"

"አዎ ክብርት። በእኛ ብቻ ኮንትራት። ሰባት ዓመት ሙሉ። ልጅቱ ይህችው ናት፤ አሁን ደግሞ ልትወልድ ነው።"

እስክሪብቶዬ ቆመ። ምክትሏ ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን ተመለከቱ። እዚያ የሦስት የጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች ፊርማ ነበር፤ ከእያንዳንዱ ፊርማ በላይ "ወደፊት ይታያል" ይላል። የመጀመሪያው የተፈረመው ከአምስት ዓመት በፊት ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ስለ እኔ በር ሲያንኳኩ ኖረው አንድ ቀን እንኳ ትንፍሽ አላሉኝም። እኔ ደግሞ በሻይ ሰዓት ሳያቸው መንገድ እቀይር ነበር!

"ማስታወሻ ያዢ" አሉኝ ምክትሏ፣ ፈገግ ብለው። "ወደፊት የተባለው ዛሬ ነው ብለሽ ጻፊ።"

በአራተኛው ሳምንት የቋሚነት ደብዳቤዬ ወጣ። በሰባተኛው ሳምንት ሴት ልጅ ወለድኩ። ለሦስት ወር አልጋዬ ላይ ሆኜ ልጄን እያጠባሁ ደመወዜ እስከ ቤቴ መጣልኝ። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ ደርሶብኝ አያውቅም። በየወሩ መጨረሻ አለቅስ ነበር፤ ባለቤቴ አመመሽ ወይ ይለኛል። ሥራ ስመለስ ላመሰግናቸው ወደዚያች መስኮቷ ወደማይዘጋ ክፍል ሄድኩ። ጭብጥ ያለ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። ገና ሳልጀምር፣ "የአጎራባቹ ክልል ቃለ ጉባኤ ያዥ በአንድ እርከን እንደምትበልጥሽ ታውቂያለሽ?" አሉኝ። ንግግሩ ቀረ።

ከሦስት ዓመት በኋላ እኔም ወደ ሰው ኃይል ክፍል ተዛወርኩ፤ ጋሽ እርከንም ጡረታቸው ደረሰ። ፋይላቸውን እንዳዘጋጅ ለእኔ ተሰጠኝ። ስገልጥ ስገልጥ አንድ የሁለት እርከን ዕድገት ደብዳቤ አገኘሁ። ተፈርሟል፣ ማኅተም አለው፣ ቀኑ የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ነው። ደመወዝ መክፈያው ላይ ግን አልተመዘገበም። አንድ ሰው ረስቶታል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሁለት እርከን ወደ ኋላ ቀርተው ኖረዋል፤ ጡረታቸውም በዚያው ሊታሰብ ነው።

ፋይሉን ይዤ ገባሁ።

"ጋሼ፣ ይህን አያውቁም ነበር?"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ? የዓለሙን ሁሉ ደመወዝ ሲያወዳድሩ!"

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። "የራሴን አንዴ ካነሣሁ፣ ከዚያ በኋላ የማመጣውን ወረቀት ሁሉ 'ለራሱ ነው' ይሉኛል። ያን ጊዜ ለማንም አልጠቅምም።"

ወጥቼ ስልኩን አነሣሁ። ለየክልሉ የሰው ኃይል ክፍል ደወልኩ፤ ተመሳሳይ ስሕተት ሲገኝ እንዴት እንደሚያርሙ ጠየቅኩ። የማን ጉዳይ እንደሆነ ስነግራቸው የሁሉም ድምፅ ይለወጣል። "ጋሼ ደህና ናቸው?" ይላሉ። አንዷ ፋይል ልታመጣ ሄዳ ስትመለስ፣ "የእኔን እርከን ያስተካከሉልኝ እሳቸው ናቸው፤ ፊታቸውን ግን አይቼው አላውቅም" አለችኝ። የየክልሉን አሠራርና የእሳቸውን የአገልግሎት ዘመን የያዘው ሠንጠረዥ ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አንብቦ ወዲያው ፈረመ፤ የአሥራ ሁለት ዓመቱ ውዝፍም አብሮ እንዲከፈል አዘዘ።

ግልባጩን ወስጄ ፊታቸው አኖርኩት። ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

"ይህ ስሕተት ነው። ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት ቅርንጫፍ የሠራሁት ስምንት ወር ነው። አንቺ ዓመት ሙሉ አድርገሽዋል።"

"ጋሼ፣ ለአራት ወር ማን ያያል?"

ቀይ እስክሪብቶ አንሥተው ሰረዙት። ጡረታቸውን በገዛ እጃቸው ቀነሱ። ከዚያ ወረቀቱን እንደገና ከላይ ጀመሩ፤ በቀስታ፣ እያንዳንዱን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ እስከ ታች አነበቡት።

"ልጄ" አሉ፣ ሳያዩኝ። "ስለ እኔ የተጻፈ ሠንጠረዥ ሳነብ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።"

ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩና ሦስተኛዋን መስመር እያዩኝ አስተካክዬ ጻፍኳት፤ ስምንት ወር ብዬ።