ወንፊት የተሾመበት ጓሮ

ትናንት ማታ ጸሎቴን አድርሼ ጋደም እንዳልኩ ሕልም ይዞኝ ሄደ። የወሰደኝ ሩቅ አገር አይደለም፤ ጎረቤቴ እትዬ የሻረግ ጓሮ ነው። ያንን ጓሮ በእውኔም ቢሆን ሳየው ብውል አይሰለቸኝም። እትዬ የሻረግ የሚጣል ዕቃ አያውቁም። ያረጀ ሳፋ፣ እጀታው የወለቀ ማንቆርቆሪያ፣ የሟች ባላቸው ቦቲ ጫማ ሳይቀር አፈር ሞልተው የቃሪያ ችግኝ ያበቅሉበታል፤ የሚኖሩትም ያንኑ ሸጠው ነው።

በሕልሜ ግን ነገሩ ሁሉ ተገልብጧል። ሰዎች እስከ ጉልበታቸው የችግኝ መደብ ላይ ተተክለዋል፤ ችግኞቹ ክዳኑ በተበሳሳ የውኃ ፕላስቲክ ያጠጧቸዋል።

"ይሄ ሰውዬ ጠወለገ፣ ወደ ጥላ አዙሩት" አለ አንዱ ችግኝ።

በሩ ላይ አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ ድስት ቁጭ ብሎ ይለምናል።

"ስለ እመብርሃን፣ አንዲት ቀዳዳ!"

"ምን ሆነህ ነው?" አልኩት።

"ደህና ሆኜ ተሠርቼ! ማን ይፈልገኛል?" አለና አለቀሰ።

ወዲያው ራሴን ችሎት ፊት አገኘሁት። ዳኛው ወንፊት ነበር። በዚያ አገር የሚከበረው ቀዳዳው የበዛ ነው፤ እሱ ሲገባ ማንቆርቆሪያውም ቦቲውም ብድግ አሉ።

"ቢራራ" አለኝ፣ "ትናንት እትዬ የሻረግ ለቅሶ ሊደርሱ ሲሄዱ፣ ጓሯቸው ገብተህ ስንት ቀዳዳ ደፈንክ?"

"አሥራ አራት፣ ክቡር ዳኛ። ዕቃው ሁሉ ሲያፈስ ባይ አሳዘኑኝ። ሲመለሱ ደስ ይበላቸው ብዬ፣ ፕላስቲክ አቅልጬ፣ አሳምሬ ነው የደፈንኩት።"

"ማን አስተማረህ?"

"ማንም። ሰው ሲሠራ እያየሁ ነው።"

"እሺ፣ ውኃው በየት ይውጣ?"

ወደ ሳፋው ዞርኩ።

"እኔን በሚስማር የበሱኝ እኮ እሳቸው ራሳቸው ናቸው!" አለ ሳፋው፣ ደረቱን ነፍቶ። "ሰባት ቦታ! አንዷም ያለ ቦታዋ አልዋለችም።"

ወንፊቱ ፈረደብኝ። ቀዳዳ የሌለው ሳፋ ውስጥ ተተከልኩና ችግኞቹ ያጠጡኝ ጀመር። ውኃው ወገቤ ደረሰ፣ ደረቴ፣ አገጬ...

"ኧረ ብሱልኝ!"

በገዛ ጩኸቴ ነቃሁ። ነግቷል። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይወርዳል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሮ ኖሯል። ቀዳዳዎቹን የደፈንኩት ግን በሕልሜ አልነበረም።

በሩ ተንኳኳ። እትዬ የሻረግ ነጠላቸው በዝናብ በስብሶ፣ የታጠፈ ሚስማር ይዘው ቆመዋል።

"ቢራራ፣ እጅህ ይባረክ" አሉኝ። "እንዲህ ያለ አደፋፈን አይቼ አላውቅም፤ ይኸው ሚስማሬን አጠፈው። በል መዶሻህን ይዘህ ሩጥ፣ ቃሪያዎቼ ዋና እየተማሩ ነው።"