ጋሼ ሳይሰሟት የማትገዛ መኪና

በየቤተሰቡ አንድ ሰው አለ። ማንም አልሾመውም፣ ደመወዝም የለውም፤ ግን እሱ ሳያይ መኪና አይገዛም። ያለ እሱ ፈቃድ ሰው ሊያገባ፣ ቤቱን ሊሸጥ፣ ሥራ ሊለቅ ይችላል። መኪና ላይ ግን ዝንፍ የለም። ደግሞ እኮ መካኒክ አይደለም። መካኒክ ቢሆንማ ያስከፍለንና ይገላግለን ነበር።

በእኛ ቤት ይህን ሥልጣን የያዙት ክቡር ጋሼ ናቸው፤ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም። ሥራቸው ሰዓት ማደስ ነው። ጠባብ ሱቃቸው ውስጥ፣ ከመስታወቱ ጀርባ፣ ዓይናቸው ላይ ማጉያ ሰክተው የሰው ሰዓት ሲያዳምጡ ሠላሳ ዓመት ሞላቸው። ለሰዓት የሚሠራ ጆሮ ለሞተርም ይሠራል ብለው ያምናሉ፤ አምነውም እኛን አሳምነውናል።

ጋሼ መኪና ሊያዩ ሲሄዱ መጀመሪያ ሰላም የሚሉት ኮፈኑን ነው። መዳፋቸውን ይጭኑበታል። ለብ ካለ፣ ሻጩ እኛ ሳንደርስ አስነስቶ አሙቆታል፣ ጠዋት ጠዋት የሚስለውን ሳል ደብቆናል ማለት ነው። ሻጩ እጁን ለሰላምታ እንደዘረጋ ይቀራል። ቀጥሎ ከፌስታላቸው ካርቶን ያወጡና አንጥፈው መኪናው ሥር ይገባሉ፤ ከዚያ በኋላ የምናነጋግረው ጫማቸውን ነው። ሲወጡ ጭስ የሚወጣበትን የማርሚታውን አፍ በነጭ መሐረብ ይጠርጋሉ። በመጨረሻ ረጅም ካቻቢቴ ያወጡና ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። በዚህ መሃል የሚያስነጥስ ሰው ወዮለት።

ፍርዳቸው ሁልጊዜ አንድ ናት። "መሄድማ ይሄዳል" ይላሉ። "ይመለሳል ወይ?"

በዚህች ጥያቄ ስንቱን መኪና አስቀሩት መሰላችሁ። ጎረቤታችን የሒሳብ አስተማሪው ስድስት መኪና አሳይቷቸው፣ ስድስቱም ወድቀው፣ ተስፋ ቆርጦ ብስክሌት ገዛ። ብስክሌቱንም አዳምጠውለታል። ሰንሰለቱ አልጣማቸውም።

የራሳቸው መኪና ግራጫ ናት። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ መንገድ ላይ አልቆመችም፤ ይህን አልክድም። ግን ሆዴ አልችል ስላለኝ ልናገረው፣ እሷ ውስጥ መቀመጥ ባንክ ቤት ወረፋ እንደ መጠበቅ ነው። ትነሳለህ፣ ትደርሳለህ፣ መሃሉ የለም።

እኔ ደግሞ በሃምሳ ዓመቴ መሃሉ አማረኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የነዳሁት ሌላ ሰው የመረጠልኝን ነው፤ መጀመሪያ የመሥሪያ ቤት ፒክአፕ፣ ቀጥሎ ልጆች ያስታወኩባት አሮጊት መኪና። ልጆቹ ራሳቸውን ችለው ሲወጡ አንዲት ያገለገለች የቅንጦት መኪና አየሁ። ቀለሟ የወይን ጠጅ፣ ሞተሯ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ወንበሮቿ ቆዳ፣ ዕድሜዋ አሥራ ሦስት። ፎቶዋን ስልኬ ላይ እየደበቅሁ ሳይ ባለቤቴ ሌላ ሴት የያዝኩ መሰላት። መኪና መሆኗን ስታውቅ ግን የባሰ ደነገጠች።

"ወንድሜ ሳይሰማት ቁልፏን እንዳትነካ" አለችኝ።

ጋሼ እምቢ ካሉ አለቀልኝ። በምትኳ ያዘጋጁልኝ ነበረቻ፤ የአንዲት ነርስ መኪና፣ የጋራዥ ደረሰኟ ሁሉ በፋይል የተሰደረ፣ በየሦስት ወሩ ዘይት የተቀየረላት። እሷም ግራጫ ናት። በአንድ ቤተሰብ ሁለተኛ ግራጫ ሊሆን ነው ብዬ እህል አልዋጥልህ አለኝ።

የወይን ጠጇ ባለቤት ጡረታ የወጡ የመድኃኒት ባለሙያ ናቸው። ጋሼ ኮፈኑን ነኩ። ቀዝቃዛ ነው። "እንዳትሞቅባችሁ ብዬ ሳልነካት ነው የጠበቅኋችሁ" አሉ ሴትዮዋ። ጋሼ ትንሽ ቅር አላቸው።

የጋሼ ደብተር ሁለት ዓምድ አለው፤ በአንዱ "ያሳስባል"፣ በሌላው "አያሳስብም" ይላል። እሳቸው ከመኪናዋ ሥር እየነገሩኝ እኔ እጽፋለሁ። ዘይት ያልባታል። ከኋላ በግራ በኩል ዝቅ ብላለች፤ የአየር ሞላዋ አንድ ቀን ይተነፍሳል። መለዋወጫዋ ከውጭ አገር ታዞ እስኪመጣ ሰው ያረጃል። ኤሌክትሪኳን የሚያውቅ በከተማው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ስልክ አያነሳም። "ያሳስባል" ሞልቶ ገጽ ገለበጥኩ። "አያሳስብም" ሥር "ክላክስ" ከሚል በቀር ምንም የለም።

"በል እስቲ ለደንቡ ያህል እንንዳት" አሉ አቧራቸውን እያራገፉ።

ከሰፈር እስክንወጣ መሪውን የያዙት በሁለት ጣት ነበር፣ የሰው ዕቃ ነው በሚል። ዋናው መንገድ ላይ ስንገባ እግራቸው ትንሽ ወረደ። መኪናዋ ተስፈነጠረች። "ውይ" አሉ ጋሼ። ደገሙት። ቀጥሎ ኩርባው መጣ፤ ፍሬን ይይዛሉ ስል ጭራሽ ነዳጅ ጨመሩ፣ እሷም መሬቱን ጥብቅ አድርጋ ይዛ ዞራ ወጣች። ጋሼ ሳቁ። ሃያ አምስት ዓመት አውቃቸዋለሁ፤ የመንጋጋ ጥርሳቸውን ያየሁት ያን ቀን ነው። መስኮቱን ከፈቱ። ኮፍያቸው ወደ ኋላ ወንበር በረረች፤ ዞር ብለው እንኳ አላዩአትም። መመለሻውን አልፈነው ሄድን። ዞረን መጥተን እንደገና አለፍነው። እኔም ሳቅ ያዘኝ፤ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ከትምህርት ቤት እንደ ፎረፈ ተማሪ ሆነን እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ስልኬ ጠራ። ሻጯ ናቸው።

"ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ትመለሳላችሁ ወይ?" አሉ በትሕትና።

ደጃቸው ስንቆም ጋሼ ሞተሩን አላጠፉም። ደብተሩን ተቀብለው ሁለቱን ዓምድ ደጋግመው አዩ፤ እርሳሳቸው ማረፊያ አጣ።

"እኔ አልመክርህም" አሉ በመጨረሻ። "አልመከሩኝም ብለህ ለእህቴ ንገራት። ግን ብትገዛት አልቆጣም።"

ገዛኋት። በሦስተኛው ወር ሞላዋ እንዳሉት ተነፈሰና አርባ ቀን ጋራዥ ተኛች። እኔ በእግሬ እየሄድኩ ስራገም፣ ጋሼ ሱቃቸውን እየዘጉ ጋራዥ ድረስ ሄደው ይጠይቋት ነበር። መካኒኩ ነው የነገረኝ። ያን ዕለት እኚህን ሰው ምን ያህል እንደምወዳቸው ገባኝ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ሰዓት ሲያስተካክሉ ለራሳቸው አንድ ኩርባ ሳይነዱ መኖራቸው አንጀቴን በላው።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ጠዋት እደውላለሁ። "ጋሼ፣ መኪናዋ የሆነ ድምፅ አምጥታለች" እላለሁ። ምንም ድምፅ የላትም። ጋሼ ወዲያው ይመጣሉ። ካርቶን የለ፣ ካቻቢቴ የለ፤ ቁልፉን ይቀበሉኝና ብቻቸውን ይወጣሉ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጸጉራቸው ቆሞ፣ ጉንጫቸው ቀልቶ ይመለሳሉ። ከበሩ ላይ ፊታቸውን ያኮሳትሩና ቁልፉን መዳፌ ላይ ያስቀምጡታል።

"እውነትህን ነው፣ ድምፅ አላት" ይላሉ፤ በሠላሳ ዓመት አንድ ሰዓት ያላሳታቸው ሰው። "ግን ገና በደንብ አልለየልኝም። ቅዳሜ ደግሜ ልስማት።"